ገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ አነዳደፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቀላሉ የሚለወጥና ብልህ የሆነ ኔትወርክ ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

በቀላሉ የሚለወጥ ማለት ከተተከለ በኋላ ሰው መሰላል ተሸክሞ ሳይሄድ የሚስተካከል ማለት ነው። በየስንት ጊዜው እንደሚለካ፣ ማንቂያው ስንት ላይ እንደሚጮህ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚልክ፣ ፈርምዌሩም (መሣሪያው ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም) ጭምር ከርቀት ይቀየራል። አዲስ ዓይነት ሴንሰር ሲጨመር የሰርቨሩ ፕሮግራም እንደ አዲስ አይጻፍም።

ብልህ የሚባለው ደግሞ ብዙ የሚያወራው አይደለም። ኖዱ፣ ማለትም ሴንሰር (መለኪያ)፣ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ)፣ ራዲዮና ባትሪ አንድ ላይ የታሸጉበት መሣሪያ፣ የለካውን ራሱ አይቶ አዲስ ነገር ከሌለ ዝም ይላል፤ ነገር ሲለወጥ ወዲያው ይናገራል። በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ አየር ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ወጪ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ነጥብ ላይ ይመጣሉ።

ከየት ልጀምር? መጀመሪያ ራዲዮውን ልምረጥ?

አይ፤ ራዲዮው የሚመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይስፈሩ፦ የሚፈለገው የልኬት ትክክለኛነት፣ መረጃው ስንት ደቂቃ ቢዘገይ ጉዳት እንደማያመጣ፣ ኖዱ ሰው ሳይነካው ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት፣ እንዲሁም ከጌትዌዩ (የኖዶቹን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ ከሚያሳልፈው መሣሪያ) እስከ መጨረሻው ኖድ ያለው ርቀት። ከርቀቱ ጎን መሀል ላይ ያለው ነገር ይጻፍ፤ ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የብረት መደርደሪያ።

እነዚህ ቁጥሮች ምርጫውን ራሳቸው ያጠቡታል። የአንድ ማቀዝቀዣ ክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይልም። የሞተር ንዝረት ግን በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ 1,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ በ2 ባይት ሲለካ በሰከንድ 6,000 ባይት ይሆናል። ይህን ጥሬውን ሩቅ በሚሄድ ራዲዮ መላክ አይታሰብም፤ ኖዱ ራሱ አስልቶ ውጤቱን ብቻ መላክ ይኖርበታል። ስለዚህ ከባዱ ውሳኔ የሚወድቀው ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ነው፣ ራዲዮው ላይ አይደለም።

ታዲያ የትኛው ራዲዮ ይሻላል?

ለሁሉም የሚሆን የለም።

ለሕንፃ ውስጥና ለፋብሪካ፣ ብዙ ኖዶች ተቀራርበው ለሚተከሉበት፣ አይትሪፕልኢ 802.15.4 የተባለው የአጭር ርቀት ራዲዮ መስፈርት ቤተሰብ ይስማማል። መስፈርቱ መጀመሪያ የወጣው በ2003 ነው፤ ዚግቢ፣ ትሬድና ዋየርለስሃርት የተገነቡት በእሱ ላይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ የአንድ ፍሬም (በአንድ ጊዜ የሚላክ ጥቅል) ጣሪያ በመጀመሪያው መስፈርት 127 ባይት ነው። ከዚያ ላይ የአድራሻውና የደህንነቱ ክፍል ሲነሳ ለራስዎ መረጃ የሚተርፈው በጣም ያነሰ ነው።

ለሰፊ ሜዳና ለተበታተነ ቦታ ሎራዋን የተባለው ሩቅ የሚሄድ ራዲዮ ይመረጣል። ፍጥነቱን ሰጥቶ ርቀት ይገዛል፦ የፍጥነት ደረጃዎቹ ኤስኤፍ በሚል ቁጥር ይጠራሉ፤ በፈጣኑ ደረጃ፣ በኤስኤፍ7፣ በሰከንድ 5.5 ኪሎቢት ገደማ፤ በዝግተኛው ኤስኤፍ12 ደግሞ 250 ቢት ገደማ። ዋይፋይ ኃይል ከመስመር በሚገኝበት ቦታ ጥሩ ነው፤ በትንሽ ባትሪ ላይ ግን መገናኘቱ ብቻ ብዙ ይበላል። የሞባይል ኔትወርኩ ኤንቢ-አይኦቲ የራስ ጌትዌይ አያስፈልገውም፤ በሚልክበት ቅጽበት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ስለሚስብ ባትሪው ያንን መሸከም አለበት።

ፍሪኩዌንሲው የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓ 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በሰሜን አሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሌላውም አገር የራሱ ደንብ አለው። ሞጁሉ ከመገዛቱ በፊት የአገሩ የስፔክትረም ደንብ ይነበብ። ለአንዱ ባንድ የተሠራ አንቴና ሌላው ላይ በደንብ አይሠራም።

ኮከብ ወይስ ሜሽ?

ኮከብ የሚሆን ከሆነ ኮከብ ይሁን። ሁሉም ኖድ በቀጥታ ከጌትዌይ ጋር ሲነጋገር ብልሽት መፈለግ ቀላል ነው፤ ኖዱም ልኮ ወዲያው መተኛት ይችላል።

ሜሽ ውስጥ አንዱ የሌላውን መልእክት ያቀብላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዋጋው ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚያቀብለው ኖድ ጆሮው ክፍት መሆን አለበት። ራዲዮ ሲያዳምጥ የሚስበው ኃይል ሲልክ ከሚስበው ብዙም አያንስም፤ ስለዚህ አቀባዮቹ ከመስመር ኃይል ካላገኙ ባትሪያቸው በሳምንታት ያልቃል። ለጌትዌዩ የቀረቡት ደግሞ የሁሉንም ጭነት ስለሚሸከሙ ቀድመው ይሞታሉ፤ እነሱ ሲሞቱ ከኋላ ያሉት ባትሪያቸው ሙሉ ቢሆንም ይቆረጣሉ።

ሁለተኛው ዋጋ በየዝላዩ፣ ማለትም ከኖድ ወደ ኖድ በሚደረገው በእያንዳንዱ ማቀበል፣ የሚጠፋው መልእክት ነው። አንድ ዝላይ 95 በመቶ ቢሳካ፣ በአምስት ዝላይ የሚደርሰው 77 በመቶ ብቻ ነው። በየዝላዩ አንድ ድጋሚ ሙከራ ከተፈቀደ ወደ 98.8 በመቶ ያድጋል። ሜሽ ከመረጡ ድጋሚ ሙከራና «ደረሰኝ» የሚል መልስ የግድ ናቸው። ሁሉም ኖድ በባትሪ መሆን ካለበት ደግሞ ኖዶቹ በተቀጠረላቸው ቅጽበት ብቻ የሚነቁበትን፣ በ2012 ወደ 802.15.4 የተጨመረውን የጊዜ ክፍፍል ስልት መመልከት ይበጃል።

የቡድን መሪነቱ በኖዶች መካከል በየተራ የሚዞርባቸው እንደ ሊች ያሉ ስልቶች በጥናት ጽሑፎች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ሊች የሚነሳው ማንኛውም ኖድ ተራው ሲደርስ ዋናውን ጣቢያ በቀጥታ መድረስ ይችላል ከሚል ግምት ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱው ነው። ለማስተማሪያ ጥሩ ነው፤ ለተከላ ግን አንመክረውም።

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል?

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ኖዱ በየ10 ደቂቃው ለክቶ ይልካል፤ በቀን 144 ጊዜ ማለት ነው። ሲተኛ 3 ማይክሮአምፔር ይስባል። ሲለካ 8 ሚሊአምፔር ለ200 ሚሊሰከንድ፣ ሲልክ ደግሞ 40 ሚሊአምፔር። መረጃው 12 ባይት ነው፤ ሎራዋን የራሱን 13 ባይት ሲጨምርበት 25 ይሆናል። ይህ በኤስኤፍ7 አየር ላይ 62 ሚሊሰከንድ ይቆያል።

በቀን የሚወጣው በሚሊአምፔር-ሰዓት ሲሰላ፦ ለእንቅልፍ 0.072፣ ለልኬት 0.064፣ ለመላክ 0.099፣ ከላከ በኋላ መልስ ለሚጠብቅባቸው ሁለት አጭር መስኮቶች 0.026 ገደማ። ድምሩ 0.26 ነው። ባለ 3.6 ቮልት ሊቲየም ታዮናይል ክሎራይድ ባትሪ፣ በዶብል ኤ መጠን፣ 2,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተብሎ ይሸጣል። ለቅዝቃዜ፣ ለእርጅናና ለራሱ መፍሰስ 30 በመቶ ስንቀንስ 1,680 ይቀራል። ሲካፈል ከ17 ዓመት በላይ ይመጣል። ያንን ማንም ኢንጂነር ለደንበኛ ቃል አይገባም፤ 10 ዓመት ካገኙ በቂ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ ኖዱ ከጌትዌዩ ራቀና ወደ ኤስኤፍ12 ወረደ። ያው 25 ባይት 1,483 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ማለትም 24 እጥፍ። የመላኪያው ወጪ 2.37 ይሆናል፤ የመልስ መስኮቶቹም ስለሚረዝሙ የቀኑ ድምር 2.7 ገደማ ይደርሳል። ባትሪው የሚቆየው 20 ወር ነው። ሴንሰሩ ያው፣ ባትሪውም ያው፤ የተለወጠው የጌትዌዩ ርቀት ብቻ ነው። አንድ ተጨማሪ ጌትዌይ መትከል ብዙ ጊዜ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት የሚረክሰው ለዚህ ነው።

ስሌቴ ዓመታት ይላል፤ ባትሪው ግን በሁለት ሳምንት አለቀ። ምን ሆኖ ነው?

ሁለት ሳምንት የሚባለው ጊዜ ራሱ ፍንጭ ነው። በርካሽ የሙከራ ቦርዶች ላይ ያለው ሊኒየር የቮልቴጅ ማስተካከያ ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። በቀን 120 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፤ 1,680ን በ14 ቀን ይጨርሰዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ ቢተኛም ቦርዱ አልተኛም። ለተከላ የሚሆነው በእንቅልፍ ጊዜ ከጥቂት ማይክሮአምፔር የማይበልጥ የሚስብ ማስተካከያ ነው፤ ወይም ቺፖቹ የባትሪውን ቮልቴጅ በቀጥታ የሚችሉ ከሆነ ማስተካከያውን ጭራሽ መተው።

ሌሎቹን ጥፋተኞች በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። የኃይል ማሳያው ኤልኢዲ ከቦርዱ ይነቀል። የሴንሰሩ ኃይል በትራንዚስተር ማብሪያ ይቆረጥ። ሲቆረጥ ግን የአይስኩዌርሲ መስመሮቹ (ሴንሰሩን ከማይክሮኮንትሮለሩ የሚያገናኙት የዳታ ሽቦዎች) ፑል-አፕ ሬዚስተሮችም፣ ማለትም መስመሩን ወደ ኃይሉ የሚስቡት፣ ከሚጠፋው ወገን ላይ መታሰር አለባቸው፤ ሁልጊዜ ከሚበራው ላይ ከታሰሩ ኃይሉ በዳታ መስመሮቹ በኩል ሾልኮ ጠፍቷል የተባለውን ሴንሰር በግማሽ ያነቃዋል። አንድ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር በ3.3 ቮልት መስመሩ ዝቅ ብሎ ከቀረ 0.7 ሚሊአምፔር ያፈሳል፤ ከጠቅላላው የእንቅልፍ በጀት ከ200 እጥፍ በላይ። ቀጥሎ ሶፍትዌሩ፦ ክፍት የቀረ ሲሪያል ፖርት፣ በተከታታይ ልኬት ላይ የተረሳ ሴንሰር፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ያልተመደበ ፒን።

የእንቅልፉን ጅረት በተራ መልቲሜትር ለመለካት አንድ ዘዴ አለ። በማይክሮአምፔር ክልል ላይ የብዙ ሜትሮች ውስጣዊ ሬዚስተር 100 ኦም አካባቢ ነው። ኖዱ ሲነቃ 40 ሚሊአምፔር ቢስብ ሜትሩ ላይ 4 ቮልት መውደቅ ነበረበት፤ ባትሪው ያን ያህል ስለሌለው ኖዱ ሪሴት (ከመጀመሪያው እንደገና መነሳት) እያደረገ ይዞራል፣ ሜትሩም የማይረባ ቁጥር ያሳያል። መፍትሔው በሜትሩ ሁለት ጫፍ መካከል የመግፊያ ማብሪያ ማድረግ ነው። ተጭነው ኖዱን ያስነሱ፤ ከተኛ በኋላ ይልቀቁና ያንብቡ። ለማስተላለፊያው ቅጽበት ግን በፍጥነት የሚመዘግብ የኃይል መለኪያ ወይም ኦሲሎስኮፕ ይፈለጋል።

አንድ የሚዘነጋ አለ፤ ጌትዌይ ያጣ ኖድ። መቀላቀል አልሳካ ሲለው በየ10 ሰከንዱ በሙሉ ኃይል የሚጮህ ኖድ፣ ጌትዌዩ ለጥቂት ቀናት ቢጠፋ ባትሪውን በከንቱ ያቃጥለዋል። ሙከራው 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ ጥቂት ሰዓታት እየተራራቀ ይሂድ።

ባትሪው አዲስ ነው፤ ኖዱ ግን ለመላክ ሲሞክር ይጠፋል።

ሊቲየም ታዮናይል ክሎራይድ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ ሊቲየሙ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ራስን መፍሰስ የሚቀንሰው ይኸው ሽፋን ነው፤ ነገር ግን ድንገት ጅረት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ኖዱም ሪሴት ያደርጋል። መፍትሔው ከባትሪው ጎን ካፓሲተር ማሰር ነው። መጠኑ ጅረት በጊዜ ተባዝቶ ለሚፈቀደው የቮልቴጅ ውድቀት ይካፈላል። በኤስኤፍ7፣ 0.3 ቮልት ውድቀት ከተፈቀደ፣ 0.04 × 0.062 ÷ 0.3 ወደ 8.3 ሚሊፋራድ ይመጣል። በኤስኤፍ12 ግን 0.2 ፋራድ ነው፤ ያኔ ሱፐርካፓሲተር ያስፈልጋል። የሱፐርካፓሲተሩ የራሱ መፍሰስ በበጀቱ ውስጥ መግባቱ አይረሳ።

የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ባትሪዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር ሲጠየቁ ይወድቃሉ፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው።

ርቀቱ ከተነገረው በጣም አነሰ። ኃይሉን ልጨምር?

መጀመሪያ አንቴናውን ከፍ ያድርጉ። በክፍት አየር በ1 ኪሎሜትር የሚጠፋው በ868 ሜጋኸርዝ 91 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የምልክት ጥንካሬ ማነጻጸሪያ)፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ 100 ዲቢ ገደማ ነው። በ14 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዲቢ የተለካ ኃይል) ተልኮ በኤስኤፍ7 እስከ −123 ዲቢኤም የሚሰማ ተቀባይ 137 ዲቢ በጀት አለው፤ በወረቀት ላይ ብዙ ይተርፋል። ትርፉን የሚበላው መሬት፣ ግድግዳና ውሃ ያዘለ ቅጠል ነው።

ራዲዮ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በላኪና በተቀባይ መካከል እንደ እንቁላል የተነፋ ቦታ ይፈልጋል። በ868 ሜጋኸርዝ ለ1 ኪሎሜትር መንገድ የዚህ ቦታ ስፋት መሀል ላይ በየጎኑ 9.3 ሜትር ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ 5.6 ሜትር፣ ከእንቅፋት ነፃ ቢሆን ይመረጣል። በጉልበት ከፍታ ላይ የተተከለ ኖድ ይህን ግማሹን መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ለሜዳ የሚሠራው ግምት ይህ ነው፦ የአንዱን አንቴና ከፍታ እጥፍ ማድረግ እስከ 6 ዲቢ ይሰጣል፤ ኃይሉን እጥፍ ማድረግ 3 ዲቢ ብቻ ይሰጣል፣ ባትሪም ይበላል፣ የሕጉንም ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ አንቴናውን ራሱን ይመልከቱ። ለ868 የሩብ ሞገድ ሽቦ ርዝመት 8.6 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ከባትሪው ወይም ከብረት ሳጥን ጋር ከተጣበቀ ቃናው ይዛባል። 10 ሜትር ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ፣ ለምሳሌ አርጂ-58፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 5 ዲቢ አካባቢ ይውጣል፤ ጌትዌዩን ራሱን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ወደ አንቴናው ማስጠጋት ይሻላል። አንቴና ሳይታሰር ራዲዮ አይላክበት፤ የሚመለሰው ኃይል ማጉያውን ሊያበላሸው ይችላል።

መልእክቱ ውስጥ ምን ላስገባ?

ጽሑፍ አይላክ። «ሙቀት»፣ «እርጥበት»፣ «ባትሪ» እያሉ ስም ከነቁጥሩ መላክ 50 ባይት ገደማ ይወስዳል፤ ያው መረጃ በ6 ባይት ይገባል። የመጀመሪያው ባይት የቅርጹ ስሪት ቁጥር ይሁን። ቀጣዮቹ ሁለት ሙቀት በ100 ተባዝቶ ከነምልክቱ። አንድ ባይት እርጥበት በ2 ተባዝቶ። አንድ ባይት የባትሪ ቮልቴጅ፣ ከ2.00 ቮልት ጀምሮ በ10 ሚሊቮልት እርምጃ፤ እስከ 4.55 ይደርሳል። የመጨረሻው ባይት የጤና ምልክቶች፦ ኖዱ ለመጨረሻ ጊዜ ሪሴት ያደረገበት ምክንያት፣ ሴንሰሩ መልስ መስጠቱና አለመስጠቱ።

የስሪት ባይቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ኔትወርኩን በቀላሉ እንዲለወጥ የምታደርገው ግን እሷ ናት። ከዓመት በኋላ አዲስ ሴንሰር ሲጨመር አሮጌዎቹና አዲሶቹ ኖዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሰርቨሩ ባይቷን አይቶ የትኛውን መፍቻ እንደሚጠቀም ይለያል። ባትሪው ደግሞ ራዲዮው እየላከ ሳለ ይለካ። አርፎ የተለካ ባትሪ ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረውም ጤነኛ ይመስላል።

ኖዶቹ ሲበዙ መልእክት መጥፋት ጀመረ።

ሎራዋን ላይ ኖዱ ሌላው እየተናገረ መሆኑን ሳያዳምጥ ነው የሚልከው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። 500 ኖዶች በየ10 ደቂቃው፣ በ8 ቻናል ላይ ተበትነው በኤስኤፍ7 ቢልኩ እያንዳንዱ ቻናል 0.64 በመቶ ብቻ ይያዛል፤ ወደ 98.7 በመቶው ያለ ግጭት ያልፋል። ያው 500 ሁሉም በኤስኤፍ12 ቢልኩ ቻናሉ 15 በመቶ ይያዛል፤ በሰላም የሚያልፈው 73 በመቶ ገደማ ነው። ርቀት እንዲያገኝ ተብሎ ሁሉንም ኖድ ኤስኤፍ12 ላይ መቸንከር የተለመደ ጥፋት ነው። አንድ ቦታ ለሚቀመጡ ኖዶች ፍጥነቱን ሰርቨሩ ራሱ እንዲመርጥ ይተው፤ ለሚንቀሳቀሱት ግን ይህ አይሠራም፣ ሰርቨሩ የሚያውቀው የትናንቱን ቦታ ነውና።

ስሌቱ ደህና ሆኖ ግጭቱ ከበዛ ሰዓቱን ይመልከቱ። ሁሉም ኖድ ልክ ሰዓት ሲሞላ የሚልክ ከሆነ፣ ወይም ኃይል ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ከተነሱ፣ የ10 ደቂቃው ጭነት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይራገፋል። ኖዱ ሲነሳ ከ0 እስከ 600 ሰከንድ በዕጣ ይጠብቅ፤ ከዚያም በየዙሩ ጥቂት ሰከንድ ያወላግድ።

የአየር ሰዓት ገደብም አለ። በአውሮፓ በአብዛኞቹ የ868 ንዑስ ባንዶች 1 በመቶ ነው፤ በሰዓት 36 ሰከንድ። በኤስኤፍ12 ያ 25 ባይት መልእክት በሰዓት ከ24 ጊዜ በላይ አይላክም።

ብልህነቱ የት ይቀመጥ? ኖዱ ላይ ወይስ ሰርቨሩ ላይ?

የሚላከውን የሚቀንስ ከሆነ ኖዱ ላይ። ብዙ ኖዶችን ማነጻጸር ወይም ረጅም ታሪክ ማየት ካስፈለገ ሰርቨሩ ላይ።

ኖዱ ላይ በመጀመሪያ የሚሠራው ቀላል ደንብ ነው፦ ከመጨረሻው ከተላከው ንባብ በ0.5 ዲግሪ ሲርቅ ላክ፤ ካልራቀ በየ6 ሰዓቱ «አለሁ» በል። «አለሁ» ካልተጨመረ የተረጋጋ ክፍልና የሞተ ኖድ አይለዩም። የ0.5ቱ ወሰን ከሴንሰሩ የራሱ መዋዠቅ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይብለጥ፤ ካነሰ ኖዱ ያለ ምክንያት ይለፈልፋል። ማንቂያ ላይ ደግሞ መነሻና መመለሻ ይለያይ፤ 8 ዲግሪ ላይ ከጮኸ 7 ላይ ሲወርድ ዝም ይበል፣ አለበለዚያ 8 ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህና ሲተው ያድራል።

መዋዠቁን ለማለዘብ ታሪክ ማከማቸት አያስፈልግም። አዲሱ አማካይ፣ አሮጌው ሲደመር የልዩነቱ አንድ አስራ ስድስተኛ፤ አንድ የማስታወሻ ቦታ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። በሙሉ ቁጥር ሲሠራ ልዩነቱ ከ16 በታች ከሆነ ሲካፈል ዜሮ ይሆንና አማካዩ ይደርቃል፤ እውነተኛውን ሳይደርስ ይቆማል። አማካዩ በ16 ተባዝቶ ይቀመጥ፤ የሚካፈለው ሲነበብ ብቻ ነው።

ንዝረት ላይ ኖዱ 1,024 ናሙና ወስዶ የጥንካሬውን አማካይና የጥቂት የፍሪኩዌንሲ ክልሎችን ጉልበት አስልቶ 12 ባይት ይልካል። የማሽን ለርኒንግ ሞዴል የሚመጣው ይህ ሲያቅት ነው። ሞዴሉ ከ32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ወደ 8 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲቀየር መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በአስርዎች ኪሎባይት የሚቆጠር ማስታወሻ ያለው ቺፕም ይችለዋል። ፈተናው ሞዴሉን ማስገባቱ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ የብልሽት ዓይነት በቂ ምሳሌ ማግኘቱ ነው። ማሽኑ እስኪበላሽ መጠበቅ ካልተቻለ ሞዴሉን ጤናማውን ሁኔታ ብቻ ያስተምሩትና ከዚያ የራቀውን ሁሉ «እንግዳ» ብሎ ይላክ።

የኖዶቹ ሰዓት ለምን ይለያያል?

የተለመደው 32.768 ኪሎኸርዝ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ያህል ይስታል፤ በቀን 1.7 ሰከንድ። ሁለት ኖዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢስቱ በቀን ወደ 3.5 ሰከንድ ይራራቃሉ። ሙቀት ይህን ያብሰዋል፤ ክሪስታሉ ትክክል የሚሆነው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከዚያ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ወደኋላ ይቀራል። ፀሐይ ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ሳጥን ውስጥ ተጨማሪ 40 ገደማ ከሚሊዮን ያጣል። ለሙቀት ክትትል ጌትዌዩ የደረሰበትን ሰዓት መመዝገቡ ይበቃል። ኖዶች በቀጠሮ ለሚነቁበት ሜሽ ግን በየጥቂት ደቂቃው ማመሳሰል ያስፈልጋል።

ፈርምዌር ከርቀት መቀየር ምን ያህል ይከብዳል?

በ802.15.4 ላይ የደቂቃዎች ወይም የሰዓታት ሥራ ነው። በሎራዋን ላይ ግን 120 ኪሎባይት በ50 ባይት ቁራጭ ወደ 2,460 መልእክት ይሆናል፤ በኤስኤፍ12፣ 1 በመቶ ገደብ ባለበት፣ 8 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀየሩት ነገሮች፣ ድግግሞሽ፣ ወሰንና ኃይል፣ ከፈርምዌሩ ውጭ በአንድ አጭር ትእዛዝ የሚቀየሩ ቅንብሮች ይሁኑ። ፈርምዌሩ የግድ ሲሆን ልዩነቱ ብቻ ተነጥሎ ለሁሉም በአንድ ላይ ይሰራጭ።

ፍላሹ (የኖዱ ቋሚ ማስታወሻ) ላይ ለሁለት ፈርምዌር የሚሆን ቦታ ይተው። አዲሱ በሁለተኛው ቦታ ይጻፋል፣ ዲጂታል ፊርማው ይጣራል፣ ከዚያ ለሙከራ ይነሳል። «ደህና ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያጸድቀው ከጌትዌዩ ጋር ተነጋግሮ መልስ ካገኘ በኋላ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ዎችዶጉ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲንጠለጠል መሣሪያውን እንደገና የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ፣ ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። ተነስቶ በደንብ የሚሠራ ነገር ግን ራዲዮው የደነቆረ ፈርምዌር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይህ ደንብ የሚያድነው ከእሱ ነው። መጀመሪያ በሁለት ኖድ ላይ፣ ከአንድ ቀን በኋላ በቀሪዎቹ።

ደህንነቱስ?

ለእያንዳንዱ ኖድ የራሱ ቁልፍ። ሁሉም አንድ ቁልፍ ከተጋሩ፣ አንድ ኖድ የሰረቀ ሰው ኔትወርኩን በሙሉ ሰረቀ ማለት ነው። የኤኢኤስ-128 ምስጠራ በአብዛኞቹ የራዲዮ ቺፖች ውስጥ ስላለ ላለመጠቀም ሰበብ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው የመልእክት ቆጣሪው ላይ ነው። አሮጌ መልእክት ተቀድቶ ዳግም እንዳይላክ ሰርቨሩ ካየው ያነሰ ቁጥር አይቀበልም። ባትሪ ሲቀየር ቆጣሪው ከዜሮ ከጀመረ ኖዱ በደንብ እየላከ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ሰው ራዲዮው ተበላሸ ብሎ ይደክማል። ሲቀላቀል አዲስ ቁልፍ የሚደራደር ኖድ ከዜሮ መጀመር ይችላል፤ ቋሚ ቁልፍ የተጻፈበት ግን ቆጣሪውን ማስቀመጥ አለበት። በየመልእክቱ ፍላሹን መጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ 10,000 ጊዜ መጠረግ የሚችል ገጽ በቀን 144 ጊዜ ቢጠረግ በ69 ቀን ያልቃል። በየ100ው መልእክት አንዴ ይጻፍ፤ ኖዱ ሲነሳ ከተጻፈው ላይ 100 ዘሎ ይቀጥል። ያው ገጽ ያኔ 19 ዓመት ይበቃል።

ንባቡ እንግዳ ነው። ሴንሰሩ ነው ወይስ እውነት ነው?

መጀመሪያ ሳጥኑን ይጠርጥሩ። ፀሐይ ላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለ የሙቀት ሴንሰር የሚለካው ሳጥኑን ነው፤ የአየር ሙቀት ከተፈለገ ሴንሰሩ ወጥቶ ነፋስ በሚያስገባ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ፍጹም የታሸገ ሳጥንም ችግር አለው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ተኮማትሮ በገመዱ መግቢያ በኩል እርጥበት ይስባል፣ ጠዋት ቦርዱ ላይ ይጤዛል። አየር እንጂ ውሃ የማያሳልፍ ትንፋሽ ማስገቢያ ይገጠምለት፤ የገመዱ መግቢያ ወደ ታች ይዙር።

ከዚያ ጎረቤቶቹን ያነጻጽሩ። አንድ ኖድ ብቻ ቀስ በቀስ ከሌሎቹ እየራቀ ከሄደ ካሊብሬሽኑ (የመለኪያው ትክክለኛነት ማስተካከያ) ተንሸራቷል፤ ሁሉም አብረው ከሄዱ ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ለሰዓታት ቅንጣት የማይለወጥ ንባብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ገመድ ወይም መልስ የማይሰጥ ሴንሰር ነው፤ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር እየደገመ ነው ማለት ነው። ንባብ ሲከሽፍ አሮጌውን ከመላክ «ንባብ የለም» የሚል ምልክት ይላክ።

አንድ ኖድ ዝም አለ። ወደ ቦታው ከመሄዴ በፊት ምን ልይ?

የመጨረሻዎቹን 50 መልእክቶች። ቮልቴጁ እየወረደ መጥቶ ከሆነ ባትሪ ነው። ጎህ ሲቀድ እየጠፋ ረፋድ ላይ የሚመለስ ከነበረም ባትሪ ነው፤ ቅዝቃዜው እየጣለው ነው። የሪሴቱ ምክንያት በተደጋጋሚ ዎችዶግ ከሆነ ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ይንጠለጠላል፤ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የማይሰጥ ሴንሰርን ያለ ገደብ ሲጠብቅ። የምልክቱ ጥንካሬ በአንድ ቀን 15 ወይም 20 ዲቢ ከወረደ አንቴናው ተሰብሯል፣ ማገናኛው ውሃ ገብቶበታል፣ ወይም ፊት ለፊቱ አዲስ ነገር ቆሟል። ቀስ ብሎ በሳምንታት ከወረደ ቅጠል እያደገ ነው። የቆጣሪው ቁጥር እየዘለለ ከመጣ ኖዱ ሲልክ ነበር፤ ችግሩ በመንገዱ ላይ ወይም ከጌትዌዩ ወገን ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ነገር ጤነኛ ሆኖ ድንገት ከቆመና በአቅራቢያው ያሉትም በዚያው ደቂቃ ከቆሙ ወደ ኖዱ አይሂዱ፤ ወደ ጌትዌዩ ይሂዱ፣ ኃይሉንና የኢንተርኔት መስመሩን ይዩ።

ሲሄዱ ሙሉ ቅያሪ ኖድ፣ ቅያሪ አንቴናና የእጅ መቀበያ ይያዙ። ኖዱን እዚያው ከፍቶ ከመጠገን ቀይሮ መምጣትና ጠረጴዛ ላይ መክፈት ይቀላል።